ሳይጋቡ የሠሩት ቤት ሲከፈል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ በ12ኛው ምዕራፍ እንደ ጻፈልን፥ ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሲያስተምር ሳለ፥ አንድ ሰው ከመካከል ተነሥቶ ወንድሙ ርስቱን ያካፍለው ዘንድ እንዲያዝለት ለመነው። ጌታም የከፋይነቱን ወንበር አልተቀበለም። ወዲያው ፊቱን ወደ ሕዝቡ መልሶ ስለ ስስት አስተማረ፤ ጎተራውን አፍርሶ ሰፊ ጎተራ ሊሠራ ያሰበውን፥ በዚያችው ሌሊትም ነፍሱን የተጠየቀውን ባለጠጋ ምሳሌ አድርጎ ነገራቸው። ብዙዎች ይህን ክፍል የሚጠቅሱት ቤተ ክርስቲያን በሀብት ክርክር አትገባም ለማለት ብቻ ነው። ነገር ግን ልብ ብለን ብናየው፥ ጌታ ጠያቂውን ድርሻ የለህም አላለውም፤ ርስቱን የያዘውንም ወንድም ደግ አደረግህ ብሎ አላመሰገነውም። ገመድ ይዞ መሬቱን መለካትን እምቢ አለ እንጂ የሁለቱን ልብ መመርመርን እምቢ አላለም።

ምእመናን ሆይ፥ እኛም በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው ያሰብነው ጉዳይ በዐውደ ምሕረት እምብዛም የማይነገር ነው። ይኸውም ተክሊል ሳይደፉ፥ በሰማንያም ሳይፈራረሙ፥ እንደ ባልና ሚስት አብረው ኖረው ቤት የገዙ ሰዎች ሲለያዩ ያ ቤት እንዴት ይከፈል የሚለው ጥያቄ ነው። ነገሩ የሚያሳፍር ስለሚመስል በይፋ አይነሣም፤ ይሁን እንጂ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጸዲቅ ሲቀመስ፥ በዕድር ስብሰባ ማግሥት፥ በስልክም ጭምር ወደ ካህናትና ወደ ሽማግሎች መምጣቱ አልቀረም። በካልጋሪም ሆነ በሌሎቹ የስደት ከተሞቻችን ያለው ሁኔታ ይኸው ነው።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይጀመርም። በሱዳን ወይም በኬንያ በኩል አልፈው ወደዚህ የደረሱ ሁለት ወጣቶች ኪራይ ለመቆጠብ በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ አንድ ቤዝመንት ተጋርተው ይይዛሉ። እርሱ በሃይ ሪቨር የሥጋ ፋብሪካ ወይም በመጋዘን የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፤ እርሷ አረጋውያንን ትጦራለች፥ ወይም ቢሮ ታጸዳለች። ሠርጉ ወላጆች ባሉበት አገር ቤት ይሁን እየተባለ ከዓመት ወደ ዓመት ይተላለፋል። የዕቁብ ዕጣ ሲወጣላት ገንዘቡ ለቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ይሆናል። እርሷ በጊዜው ወረቀቷ ስላልተሟላ ወይም ደመወዟ አነስተኛ ስለ ሆነ ባንኩ ብድሩን በእርሱ ስም ብቻ ይሰጣል፤ የይዞታው መዝገብም በእርሱ ስም ይወጣል። ከዚያ በኋላ የእርሱ ደመወዝ ወደ ሞርጌጁ ይገባል። የእርሷ ደመወዝ ለቀለብ፥ ለልጁ ልብስ፥ ለመኪናው ኢንሹራንስ፥ አልፎ ተርፎም ለእርሱ እናት ለሚላከው ገንዘብ ይውላል። ዐሥር ዓመት ያልፋል። ሲለያዩ ወረቀቱ የሚመሰክረው ስለ እርሱ ብቻ ነው፤ የበርበሬውና የጤፉ ደረሰኝ ተጥሏልና። በዚያን ጊዜ «መቼ ሚስቴ ነበረችና» የሚል ቃል ይሰማል።

የተገላቢጦሹም አለ። ቤቱ በሴቲቱ ስም ሆኖ፥ ወንዱ ከሥራ መልስ ሌሊት ሌሊት ቤዝመንቱን በገዛ እጁ ሠርቶ፥ ግድግዳውን አቁሞ፥ ወለሉን አንጥፎ፥ በኋላ ልብሱን በላስቲክ ከረጢት ይዞ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለሴት ብቻ ወይም ለወንድ ብቻ የቆመ ተደርጎ አይነበብ።

«ካልተጋቡ ድርሻ የለም» የሚለው አነጋገር ከየት መጣ? በአገራችን ልማድ ከጥንት ጀምሮ ሦስት ዓይነት ትዳር ይታወቅ ነበር። የመጀመሪያው ሥርዓተ ተክሊልና ቅዱስ ቁርባን የሚፈጸምበት፥ ሞት እንጂ ሌላ የማይፈታው ጋብቻ ነው። ሁለተኛው የሰማንያ ጋብቻ ነው፤ በሽማግሎችና በዋሶች ፊት ውል ተይዞ፥ ወገን ለወገን ከብቱንና መሬቱን አመዛዝኖ «ሀብትሽ በሀብቴ» ተባብሎ የሚጋባበት ነው። ይህኛው ሲፈርስ ሽማግሌ ተቀምጦ አብረው ያፈሩትን ለሁለት ይከፍላል፤ በአማራው ገጠር ሴት ልጅ ከፍቺ በኋላ ከበሬውም ከእህሉም ድርሻዋን ይዛ ወደ ወላጆቿ ስትመለስ ማየት እንግዳ ነገር አልነበረም። ሦስተኛው የደመወዝ ትዳር የሚባለው ነው። መንገደኛው ነጋዴ፥ ወታደሩ ወይም ከአገሩ ርቆ የተሾመው ሰው ለተወሰነ ጊዜ ሴት ያስቀምጥና በወር ወይም በዓመት የሚከፈላት ይቆረጥላታል፤ ጊዜው ሲያበቃ ደመወዟን ተቀብላ ትሄዳለች እንጂ ከንብረቱ አትካፈልም።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ሦስተኛውን አትባርከውም፥ ባርካውም አታውቅም። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። በደመወዝ የተቀመጠችው ሴት እንኳ የተቆረጠላት ነበራት፤ በምስክር ፊት የተነገረ ዋጋ ነበራት። በካልጋሪ ዐሥር ዓመት አብራው የሠራችውን ሴት «ሚስቴ አልነበረችም» ብሎ ባዶ እጇን የሚሸኝ ሰው የአባቶቹን ልማድ ጠበቅሁ ሊል አይችልም። የአባቶቹ ልማድ በዝቅተኛው ደረጃው እንኳ ከዚህ የተሻለ ነበር።

የአገራችንም ሕግ ቢሆን በዚህ ረገድ ቆሞ አልቀረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖርን ዐውቆ ነበር፤ ሆኖም በንብረት በኩል የጋራ ሀብት አይፈጥርም ይል ነበር። ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213፥ ይህን ለወጠው። በአንቀጽ 102 እንደ ተደነገገው፥ አብሮ መኖሩ ከሦስት ዓመት ካላነሰ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያፈሩት የጋራ ሀብታቸው ነው። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፥ ክልሎች ደግሞ የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። እንግዲህ «በእኛ አገር እንዲህ አይደለም» እያለ የሚከራከር ሰው፥ የሚናገርላት አገር ከሃያ ዓመት በፊት ትታው የሄደችውን ሕግ ነው የሚጠቅሰው።

የአልበርታ ታሪክም ከዚህ የተለየ ጎዳና አልሄደም፤ በዚህ ላይ ጥቂት ዘግየት ብንል አንባቢ አይከፋብንም። ከካልጋሪ ደቡብ ምዕራብ በተርነር ቫሊ አካባቢ ከብት ታረባ የነበረች አይሪን መርዶክ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ በየዓመቱ ለወራት ለሌላ ሥራ ሲሄድ እርሷ ድርቆሽ ታጭድ፥ ካሚዮን ትነዳ፥ ከብት ትከትብ፥ የጥጃ ቀንድ ትቆርጥ ነበር። ሲለያዩ ከእርሻው ድርሻ ጠየቀች። እ.ኤ.አ. በ1973 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አይገባትም ብሎ ፈረደ፤ የሠራችው ማንኛዋም የከብት አርቢ ሚስት የምትሠራውን ነው የሚለው የሥር ዳኛው አስተያየት ጸና። ከዳኞቹ አንዱ ቦራ ላስኪን ብቻ በሐሳብ ተለዩ። በአገሩ ላይ ታላቅ ቁጣ ተነሣ፤ ከዚያ የተነሣ አልበርታ የባልና የሚስት ንብረት ሕግ አውጥታ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1979 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለች። ያ ሕግ ግን የሚጠቅመው ለተጋቡት ብቻ ነበር። አይሪን መርዶክ በሕግ የተጋባች ሚስት ሆና ሳለ ይህ ከደረሰባት፥ ያልተጋባችው ምን እንደሚደርስባት መገመት አያዳግትም።

ይህንንም የምናየው በሮዛ ቤከር ታሪክ ነው። እርሷና ሎታር ፔትኩስ ሁለቱም ከአውሮፓ የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ በ1955 በሞንትሪያል ተገናኙ። ሳይጋቡ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው አብረው ኖሩ። መጀመሪያ ላይ ኪራዩንና ቀለቡን የምትችለው እርሷ ነበረች፤ የእርሱ ደመወዝ በስሙ ባንክ ይገባ ነበር። በተጠራቀመው ገንዘብ በእርሱ ስም መሬት ተገዛ፤ ንብ ማነብ ጀመሩ፥ እርሷም ቀፎ እየተሸከመች አብራው ለፋች፥ ሥራውም ተስፋፋ። ሲለያዩ የመጀመሪያው ዳኛ ንብ የሌለባቸው 40 ባዶ ቀፎዎችና 1500 ዶላር ፈረደላት። ምእመናን ሆይ፥ ባዶ ቀፎ! በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የልፋቷ ፍሬ እኩሌታው የእርሷ ነው ብሎ ወሰነ፤ ፍርዱ እስከ ዛሬ በሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠናል። ነገር ግን ፍርዱን ማስፈጸም ሌላ ጦርነት ሆነባት፤ ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ የተገኘውም ገንዘብ ለጠበቃ ዋጋ ዋለ። በ1986 በገዛ እጇ ሕይወቷን አጠፋች፤ ሕጉን በመቃወም ያደረገችው መሆኑንም በደብዳቤ ትታ ሄደች። ነፍሷን ለሚያውቅ አምላክ እንተዋለን። በወረቀት ላይ አሸንፎ በኑሮ መሸነፍ እንዳለ ግን ይህ ታሪክ ያስተምረናል። ቤታችንን በፍርድ ቤት እንከፍላለን ብለው ለሚቸኩሉት ሁለቱም ወገኖች ይህን ታሪክ ደጋግመን ልንነግራቸው ይገባል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀስ በቀስ ተስተካከለ። አልበርታ በ2003 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፥ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሳያቋርጡ እየተደጋገፉ አብረው የኖሩትን፥ ወይም ልጅ ወልደው በጽኑ ግንኙነት የኖሩትን፥ ወይም በጽሑፍ የተዋዋሉትን ተደጋጋፊ አጋሮች ብላ ዐወቀች። የንብረት ክፍያው ሕግ ግን ለእነዚህ የተዳረሰው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ነው። በዚህ መሠረት አብረው መኖር ከጀመሩ በኋላ ያፈሩት፥ መዝገቡ በማንም ስም ይሁን በማን፥ እኩል እንዲከፈል ሕጉ ከመነሻው ይገምታል። አስቀድሞ የነበራቸው፥ በውርስ ወይም በስጦታ ያገኙት ለየባለቤቱ ይቀራል፤ በዋጋው ላይ የተጨመረው ግን ለክርክር ክፍት ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላቸውም ቢሆኑ፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 በከር እና በባራኖው ክርክር በሰጠው ፍርድ መሠረት፥ አንዱ በሌላው ድካም ያለ አግባብ በልጽጎ ከሆነ ልፋታቸውን መጠየቅ ይችላሉ። የሚደንቀው፥ አዲስ አበባም ካልጋሪም ሳይመካከሩ በሦስት ዓመት ላይ መገናኘታቸው ነው።

ይህ ሁሉ የቄሣር ሕግ ነው፥ እኛ ምን አገባን የሚል ቢኖር፥ አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ያለ ቅዱስ ጋብቻ አብሮ መኖር ኀጢአት ነው፤ ይህን ለማለስለስ ብዕር አላነሣንም። ነገር ግን ኀጢአት ዕዳን ይሰርዛልን? ሁለት ሰዎች በጾም ቀን አንድ በሬ አርደው ቢበሉ ጾም መሻራቸው የበሬውን ዋጋ ለባለበሬው ከመክፈል ነጻ አያወጣቸውም። ያልተባረከው ኅብረቱ ነው፤ ላቡ ግን ላብ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በ5ኛው ምዕራፍ የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ ሠራዊት ጌታ እንደሚጮህ ሲያስተምር፥ ሠራተኛው ቈራቢ ይሁን አይሁን ብሎ አልጠየቀም። አጋርም የሣራን ስፍራ አልያዘችም፤ ከአብርሃም ቤት የወጣችውም እንጀራና አንድ አቁማዳ ውኃ ተሸክማ ነው። በምድረ በዳ ውኃው ሲያልቅባት ግን እግዚአብሔር የልጁን ድምፅ ሰማ፤ የእናቲቱን ዓይን ከፍቶ የውኃ ጕድጓድ አሳያት። ከሕጋዊው ቤት ውጭ የሆኑትን የሚሰማ አምላክ እንዳለን ከኦሪት ጀምሮ እናውቃለን።

እዚህ ላይ ግልጽ አድርገን መናገር ግድ ይለናል። ዐሥር ዓመት ሙሉ ካህን አብሩን ተጋቡ ሲለው ዛሬ ነገ ሲል የኖረ ሰው፥ ቤት በሚከፈልበት ዕለት ብቻ ፍትሐ ነገሥት ትዝ ቢለው ይህ ሃይማኖት አይደለም። በመኝታው ጊዜ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያንን ያላስታወሰ፥ በሒሳቡ ጊዜ ሊያስታውሳት መብት የለውም። ቅድስት ቤተ ክርስቲያንን የስስት መሸፈኛ ማድረግ ከመጀመሪያው ኀጢአት ይልቅ የከፋ መሆኑን የንስሐ አባቶች ቢያስገነዝቡ መልካም ነው።

ስለ ንስሐም ካነሣን፥ ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ያደረገውን እናስታውስ። ከሀብቱ እኩሌታ ለድሆች ሰጠ፥ ያለ አግባብ የወሰደውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። መዳን ለዚያ ቤት የሆነው ሒሳቡ ተዘግቶ አይደለም፤ ሒሳቡ ተከፍቶ ነው። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ኑሮ ተለይቶ ወደ ንስሐ የሚመጣውን ሰው፥ ጾሙንና ስግደቱን ከማዘዝ አስቀድሞ ቤቱስ እንዴት ሆነ ብሎ መጠየቅ የነፍስ አባት ተግባር ነው ብለን እናምናለን። የሌላውን ላብ ይዞ ለቁርባን መቅረብ እንዴት ይሆናል?

የሚጠይቀውም ወገን ራሱን ይመርምር። የገቢ ግብር መሥሪያ ቤቱ 12 ወር አብረው የኖሩትን፥ ወይም ልጅ ያላቸውን፥ እንደ አንድ ቤተሰብ ይቈጥራል፤ የልጆች አበልም በሁለቱ ገቢ ድምር ይሰላል። አንዳንዱ ግን አበሉ እንዲበዛለት በየዓመቱ ብቻዬን ነኝ ብሎ ይፈርማል፤ ሲለያይ ደግሞ ለፍርድ ቤቱ ስምንት ዓመት አብረን ኖረናል ብሎ ይምላል። ከሁለቱ ፊርማዎች አንዱ ሐሰት ነው። የተቃራኒው ወገን ጠበቃ ይህን ሳያገኝ አይቀርም፤ ባያገኘውም የሚያገኘው አለ። እንደዚሁም ከእናቷ በውርስ ያገኘችውን የአዲስ አበባ ቤት የጋራ ነው ብሎ የሚጠይቅ፥ ወይም የጋራውን ገንዘብ ወደ ወንድሙ ስም አሽሽቶ ምንም የለኝም የሚል፥ ጎተራውን ከሚያሰፋው ባለጠጋ አይለይም። በነገራችን ላይ፥ ከአልበርታ ውጭ ያለ ቤት ከክፍያው ይተርፋል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ዳኛው የአዲስ አበባውን ቤት በቀጥታ ባያስተላልፍም፥ ዋጋውን ቈጥሮ ካልጋሪ ካለው ንብረት ላይ ማመዛዘን ይችላል።

ሌላም ክፉ ቃል አለ፤ «ያመጣሁሽ እኔ ነኝ፥ እመልስሻለሁ» የሚል። ከ2012 እስከ 2017 ድረስ አንዳንድ በጋብቻ ወይም በአብሮ መኖር የመጡ ሰዎች ሁለት ዓመት አብረው እንዲቆዩ የሚያስገድድ ደንብ ነበር። ያ ደንብ በ2017 ተሽሯል። በሐቅ መጥቶ ቋሚ ነዋሪነቱን ያገኘ ሰው ስለ ተለያየ ብቻ አይባረርም፤ እንዲያውም አስመጪው ለመንግሥት የገባው የሦስት ዓመት የድጋፍ ግዴታ ከተለያዩም በኋላ ይቀጥላል። በዚህ ዛቻ ከቤታቸው ድርሻቸውን ትተው የወጡ ካሉ ይህን ይወቁት።

ሽማግሎቻችንስ? ሽምግልና ከአባቶቻችን የወረስነው ክቡር ነገር ነው፤ ሁለት ሰዎችን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የልባቸውን ማናገር የሚችለው ገንዘብ የማይቀበለው ሽማግሌ ነው። ነገር ግን በአልበርታ ሕግ ሁለቱ በጽሑፍ የተስማሙበት የንብረት ክፍያ እንዲጸና፥ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጠበቃ ፊት ለብቻ ቀርበው፥ የሚፈርሙትን ዐውቀውና ሳይገደዱ የሚፈርሙ መሆናቸውን ማረጋገጥ አለባቸው። አንድ ጠበቃ ለሁለት አይሆንም። ስለዚህ ሽማግሎች አስማምተው፥ ዳቦ አስቆርሰው፥ በወረቀት ላይ አስፈርመው ቢለቋቸው ሥራው ገና ነው። ያንን ወረቀት ይዘው ወደየጠበቃቸው ይሂዱ፤ ዐቅም የሌላቸው ወደ ካልጋሪ ሊጋል ጋይዳንስ ወይም ወደ አልበርታ የሕግ ድጋፍ መሥሪያ ቤት ቀርበው ይጠይቁ።

ጊዜውም ይታወቅ። ግንኙነቱ ማብቃቱ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ ያላቀረበ ተደጋጋፊ አጋር በዚህ ሕግ የመጠየቅ መብቱን ሊያጣ ይችላል። የእኛ ሰው ደግሞ ለፋሲካ እንታረቃለን፥ ለመስቀል ሽማግሌ እንልካለን እያለ ሁለት ዓመቱን ሳያውቀው ያሳልፈዋል። እርቅ ይቅደም፤ ግን ቀኑ ይቈጠር። ዘግይተን እንክፈል እያለ በሽምግልናው የሚያባብል ተከሳሽ ቢኖር፥ ሽማግሎቹ የማዘግያ መሣሪያ እንዳይሆኑ ይጠንቀቁ።

በባንኩም በኩል እንዲሁ ነው። ሁለቱ ለሞርጌጁ ፈርመው ከሆነ፥ እርስ በርሳቸው ቢስማሙም ባንኩ እያንዳንዳቸውን ስለ ሙሉው ዕዳ ይጠይቃል። «እርሱ ይክፈል ተባብለናል» ማለት ባንኩን አያግደውም። ቤቱን የሚያስቀረው ሰው ብድሩን በስሙ አድሶ ሌላውን ማስለቀቅ አለበት፤ ያ ደግሞ ባንኩ ገቢውን አይቶ ሲፈቅድ ነው። የካናዳ ማዕከላዊ ባንክ የወለድ መነሻ በ2022 መጀመሪያ ከነበረበት 0.25 በመቶ ተነሥቶ በጁላይ 2023 እስከ 5 በመቶ በደረሰበት ወቅት፥ በአንድ ደመወዝ ቤቱን ማስቀረት ለብዙዎች የማይቻል ሆኖ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ መሸጥ ሽንፈት አይደለም። ቤቱ በሁለቱ ስም በጥምር ባለቤትነት ተመዝግቦ ከሆነ ደግሞ፥ አንዱ ቢሞት ሙሉው ለቀሪው እንደሚያልፍ ይታወቅ። ከተለያዩም በኋላ መዝገቡ ካልተለወጠ እንዲሁ ነው፤ ለአገር ቤት ወላጆችና ለልጆች የሚቀር ነገር አይኖርም።

ልጆች ካሉ፥ ፍርድ ቤቱ ቤቱን ለጊዜው ልጆቹን ለሚያሳድገው ወገን ማስያዝ ይችላል። ከሰሎሞን ፊት ከቀረቡት ሁለት ሴቶች እውነተኛዪቱ እናት የታወቀችው ሰይፉ ሲመዘዝ ድርሻዋን በመተው ነበር። ይህን ስንል ግን የዋህ የሆነው ወገን ሁልጊዜ ይተው ማለታችን አይደለም፤ ያ ምሳሌ ስለ ልጅ የተነገረ እንጂ ስለ ቤት የተነገረ አይደለምና። ሰሎሞንም ሕፃኑን ለእናቲቱ መለሰላት እንጂ መልካም አደረግሽ ብሎ ባዶ እጇን አልሰደዳትም።

ስለ መለያየት ከመጻሕፍት ሁሉ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው የያዕቆብና የላባ ነገር ይመስለናል፤ በኦሪት ዘፍጥረት በ31ኛው ምዕራፍ ይገኛል። ያዕቆብ ሃያ ዓመት በቀን ሐሩር በሌሊት ቁር አገለገለ፤ ላባ ደመወዙን ዐሥር ጊዜ ለዋወጠበት። ሊለያዩ ሲሉ ላባ ያዕቆብ የያዘውን ሁሉ የእኔ ነው አለ። ያዕቆብም ዓመታቱን ቈጠረለት፥ አውሬ የበላውን በግ እንኳ ከኪሱ እንደ ከፈለ አስታወሰው። ይህን የመሰለ ግልጽ ሒሳብ ሳይነጋገሩ ወደ እርቅ አልሄዱም። ከዚያ በኋላ ድንጋይ ከምረው ምስክር አደረጉት፤ አንዱ ወደ ሌላው በክፋት ያንን ክምር እንዳያልፍ ቃል ተጋቡ፤ በክምሩም ላይ አብረው እንጀራ በሉ። በማግሥቱ ላባ ልጆቹን ስሞና ባርኮ ወደ ስፍራው ተመለሰ። በመካከላቸው የነበረው በደል ጥቂት አልነበረም፤ ወዳጆችም ሆነው አልቀሩም። ነገር ግን ድንበሩ ታወቀ፥ የልጅ ልጆቹም ተሳሙ።

ይህ ጽሑፍ በእጃቸው የገባ፥ አሁንም በአንድ ጣሪያ ሥር ሳይጋቡ የሚኖሩ ወንድሞችና እኅቶች፥ ወደ ካህናቱ መጥተው ኑሯቸውን በቅዱስ ጋብቻ ያጽኑ። እስከዚያው ግን የቤቱ መዝገብ በማን ስም እንደ ሆነ ይመልከቱ፤ የዕቁቡ ገንዘብ ለቅድሚያ ክፍያው ስለ መዋሉም፥ የዕቁቡ ዳኛና አባላት ሳይበተኑ፥ ሁለት መስመር ጽሑፍ ያስቀምጡ። የተለያዩትም ቤቱ ተሸጦ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይገናኛሉ። አንዱ እሑድ እናት፥ ሌላው እሑድ አባት ልጁን አቅፎ ለቁርባን ያቀርበዋል። የክርስትና አባቱ ወይም የክርስትና እናቱ በዚህ መካከል ሆነው ልጁን ከአንዱ እጅ ተቀብለው ለሌላው ቢያደርሱ፥ በዚያች ሰዓት ስለ ቤቱ አንዳች ቃል እንዳይነሣ ቢጠብቁ፥ ከክርስትና ዕለት ጀምሮ የተቀበሉት አደራ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።